ሁለት መዝገብ ለአንድ ግምጃ ቤት፤ በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ተጨማሪ የጥቅል አስተዳዳሪ ስለ መጫን የቀረበ ሂስ

ሊኑክስ በተባለው ሥርዐት የሚሠራ ተማሪ ውሎ አድሮ የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። የሚፈልገው ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ የጥቅል አስተዳዳሪ፣ ማለት ፈረንጆቹ ፓኬጅ ማኔጀር በሚሉት ዘንድ አይገኝም፤ ቢገኝም ዕትሙ አሮጌ ይሆንበታል። በዚህ ጊዜ ጓደኛውን ቢጠይቅ ወይም መምሪያ ጽሑፍ ቢያነብ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም «ሌላ የጥቅል አስተዳዳሪ ጨምርበት» የሚል ነው። ሆምብሩ፣ ኒክስ፣ ፍላትፓክ፣ ስናፕ፣ ኮንዳ፣ ፒፕ የሚባሉት ሁሉ በጥቂት መስመር ትእዛዝ ይጫናሉ፤ ትእዛዙም ይገለበጥና ሥራው አለቀ ይባላል። ምክሩን የሚደግፉ ጓደኞቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ተረት ሲጠቅሱም ይሰማል።

በዚህ ጽሑፍ የምተቸው ፕሮግራሞቹን ሳይሆን ይህን ምክር ነው። ምክሩ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሰጪውም ተቀባዩም የሚጠይቁት «ይህ አስተዳዳሪ ጥሩ ነው ወይ? የሚያመጣውስ ዕትም አዲስ ነው ወይ?» እያሉ ስለ ሆነ፣ ዋናው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል። ዋናው ጥያቄ አዲሱ አስተዳዳሪ የሚጽፈው የት ነው፣ የጻፈውንስ ማን በመዝገብ ይዞታል የሚለው ነው። ተረቱም ቢሆን ሁለቱ ባላዎች በአንድ ጉድጓድ ይተከሉ አይልም።

የጥቅል አስተዳዳሪን ብዙዎቻችን የምናውቀው በግማሽ ነው። ፕሮግራም ከሩቅ አምጥቶ የሚጭን አሽከር አድርገን እናየዋለን። ማምጣት ግን ትንሹ ሥራው ነው፤ ትልቁ ሥራው የንብረት መዝገብ መያዝ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በ1993 ኢያን መርዶክ ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ስርጭት በመሠረተ በማግስቱ ዓመት ዲፒኬጂ የተባለው ፕሮግራም ተጻፈ። ዲፒኬጂ እያንዳንዱ ፋይል የየትኛው ጥቅል ንብረት እንደ ሆነ ይመዘግባል፤ ሁለት ጥቅሎች አንዱን ፋይል «የኔ ነው» «የኔ ነው» ቢሉ፣ በግልጽ ካልተፈቀደለት በቀር ሁለተኛውን አልጭንም ብሎ ይቆማል፤ ጥቅሉ ሲነሣም የርሱ የሆነውን ብቻ ለይቶ ያወጣል። በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር የወጣው ኤፒቲ ደግሞ በዚህ መዝገብ ላይ ቆሞ፣ የትኛው ጥቅል ያለ የትኛው እንደማይሠራ አስልቶ የጎደለውን ያመጣል። የመንግሥት ዕቃ ቤት ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሳይሆን በመደርደሪያ ላይ ቢገኝ፣ ዕቃው ምንም መልካም ቢሆን የመዝገብ ሹሙ ሊጠየቅበት አይችልም። በዲፒኬጂም እንዲሁ ነው። አንድ ፋይል ይዞ «ባለቤቱ ማነው?» ብሎ ለሚጠይቀው ሰው የጥቅሉን ስም ይነግረዋል፤ በመዝገቡ ከሌለ ግን «አላውቀውም» ከማለት በቀር ምንም አይል።

ተጨማሪ አስተዳዳሪ ለመጫን ዘወትር የሚቀርበው ምክንያት የዕትም ማርጀት ነው። ይህ ምክንያት ከፊሉ እውነት ነው። ጽኑ የሚባለው የዴቢያን ዕትም የሚወጣው በየሁለት ዓመቱ ገደማ ነው፤ ከመውጣቱም በፊት የጥቅሎቹ ቁጥር እንዳይለወጥ ይዘጋል። ስለዚህ በስርጭቱ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ያለ ተማሪ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ፕሮግራም ይዞ ይገኛል። ነገር ግን «አሮጌ ስለ ሆነ ለጥቃት የተጋለጠ ነው» የሚለው ተከታይ ንግግር፣ እንደ ነገሩ አመጣጥ ካልታየ በቀር፣ የተሳሳተ ነው። የዴቢያን የጸጥታ ክፍል አደገኛ ጉድለት ሲገኝ ዘወትር የሚያደርገው፣ የፕሮግራሙን ዕትም በአዲስ መለወጥ ሳይሆን ጉድለቱን የሚያርመውን ክፍል ብቻ ወደ አሮጌው ዕትም ማስገባት ነው። የፊተኛው ቁጥር እንዳለ ይቆያል፤ የሚለወጠው ከኋላው የተቀጠለው የዴቢያን ምልክት ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው የታከመውን በሽተኛ ነው ይላል። ደግሞም አዲስ ዕትም የግድ ቢያስፈልግ፣ ዴቢያን ራሱ ባክፖርትስ የተባለ ግምጃ ቤት አለው፤ ከዚያ የመጣው ጥቅል በዚያው በዲፒኬጂ መዝገብ ይገባል። ይህን ሳይናገሩ ወደ ሁለተኛ አስተዳዳሪ የሚያሻግሩ መምሪያዎች ብዙ ናቸው።

የልማዱ መጥፎ ምሳሌ ፒፕ ነው። ፒፕ በራሱ መጥፎ ፕሮግራም አይደለም፤ በፓይተን ቋንቋ የተጻፉ ክፍሎችን ለማምጣት የተሠራ፣ ለዚያም የሚበቃ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ተማሪው «ሱዶ» የሚለውን ቃል ከፊቱ አስቀድሞ፣ ማለት በሥርዐቱ ባለሥልጣን ፈቃድ ሲያዝዘው ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ በዚህ መንገድ የመጣው ነገር የሚቀመጠው «ዩኤስአር ሎካል» በተባለው ማኅደር ሥር ሲሆን፣ ኤፒቲ ያመጣቸው የፓይተን ክፍሎች የሚቀመጡት በ«ዩኤስአር ሊብ» ሥር ነው። ቦታው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ አይጋጩም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ፓይተን አንድን ክፍል ሲፈልግ ከሁለቱ አስቀድሞ የሚያየው ሎካል የተባለውን ነው፤ እዚያ ካገኘ ወደ ሁለተኛው አይሄድም። ስለዚህ ተማሪው ለቤት ሥራው ያመጣው አዲስ ክፍል፣ የኮምፒዩተሩ የራሱ መሣሪያዎች የሚጠቀሙበትን ክፍል ይሸፍነዋል። በኡቡንቱ ደግሞ ከአስተዳደር መሣሪያዎች አያሌዎቹ በፓይተን የተጻፉ ናቸው፤ የጸጥታ ማደሻዎችን በራሱ ጊዜ እየተከታተለ የሚጭነው ፕሮግራም ከነዚህ አንዱ ነው። ይህ መሣሪያ አንድ ቀን ሥራውን ቢያቆም፣ ዲፒኬጂ ሲጠየቅ «ሁሉም በቦታው አለ» ብሎ ይመሰክራል። ምስክርነቱም እውነት ነው፤ የጠፋ ፋይል የለምና። በመዝገብ ያልገባ እንግዳ ከፊት ቆሞ ነው።

የፓይተን ሰዎችና የስርጭቶቹ ሰዎች ይህን ተመካክረው ፔፕ 668 የተባለውን ደንብ አወጡ። በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ደንቡን ስለ ተቀበለ፣ ፒፕ የሥርዐቱን ፓይተን እንዲነካ ሲታዘዝ «ይህ ቦታ በሌላ አካል የሚተዳደር ነው» ብሎ እንቢ ይላል። እንቢታውን ለማለፍ የሚጨመረው ቃል «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» ይባላል፤ ትርጉሙም «የሥርዐቱን ጥቅሎች ስበር» ነው። ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ ሊጻፍ የሚቻል አይመስለኝም። ሆኖም ይህንኑ ቃል እንደ መፍትሔ የሚሰጡ መምሪያዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ቬንቭ የሚባለውን የተለየ ክልል ማዘጋጀት ግን ከአንድ መስመር ትእዛዝ የሚበልጥ ድካም የለውም።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ በዚህ ጕዳይ ከኮምፒዩተሩ ጤንነት ያለፈ ነገር አለበት። የምርምር ወረቀት ስናቀርብ «ስሌቱ የተሠራው በኡቡንቱ እንዲህ ባለ ዕትም፣ በፓይተን እንዲህ ባለ ዕትም ነው» ብለን እንጽፋለን። ይህ ቃል አንባቢው ሥራውን ደግሞ እንዲሠራው የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ነገር ግን ነምፓይ የተባለውን የቍጥር ስሌት ክፍል እንመልከት። በኤፒቲ የመጣው ነምፓይ የማትሪክስ ብዜቱን የሚያሠራው በሥርዐቱ ውስጥ ለተጫነው የጋራ የስሌት ላይብረሪ ነው። በፒፕ የመጣው ኦፕንብላስ የሚባለውን ላይብረሪ በራሱ ጥቅል ውስጥ ተሸክሞ ይመጣል። በኮንዳ የመጣውም እንደ ምንጩ ሌላ ላይብረሪ ሊይዝ ይችላል። የመደመሩ ተራ ስለሚለያይ የመልሱ መጨረሻ አኃዞች አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያመጣም፤ አንዱ ስሌት የሌላው መነሻ እየሆነ ብዙ ሺሕ ጊዜ ሲደጋገም ግን ልዩነቱ እያደገ የሚሄድበት ጊዜ አለ። እንግዲህ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሦስት ነምፓይ ያለው ተማሪ «ነምፓይ ተጠቅሜአለሁ» ቢል የትኛውን ማለቱ ነው? መምህሩ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲጠየቅ ግን አይሰማም።

አርፒኤም የተባለውን የሬድ ሃት ጥቅል ኤሊየን በሚባለው ፕሮግራም ወደ ዴቢያን ጥቅል ለውጦ ስለ መጫን ረጅም ነገር መናገር አያሻም። ጥቅሉ በመዝገብ ይገባል፤ የሚያስፈልጉት ነገሮች ግን ለሌላ አገር የተጻፉ ናቸው። ለአንድ ትንሽ ፕሮግራም ይበቃ ይሆናል፤ ከሥርዐቱ መሠረታዊ ክፍሎች ለአንዱም ቢሆን አይሞከርም።

ወደ ተሻሉት ስንመጣ፣ ያነሣሁትን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ ያሰበበት ኒክስ ነው። ኤልኮ ዶልስትራ በኔዘርላንድ በዩትሬኽት ዩኒቨርሲቲ በ2006 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት መርሖውን በሰፊው ገልጦታል። በኒክስ ዘንድ ሁሉ የሚቀመጠው ለብቻው በተለየ አንድ ማኅደር ሥር ነው፤ እያንዳንዱም ጥቅል ከተሠራባቸው ነገሮች ሁሉ ተሰልቶ የሚወጣ ረጅም መለያ በስሙ ላይ ይቀጠልበታል። አንዱ ፕሮግራም በሦስት ዕትም ቢመጣ ሦስት ቦታ ይቀመጣል እንጂ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። ዲፒኬጂ የሚያስተዳድረውን «ዩኤስአር» የተባለ ማኅደር አይነካም። በመዝገብ አያያዝ ረገድ ኒክስ ከዲፒኬጂ ራሱ የበለጠ ጥንቁቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህም ለምርምር ሥራ ሁለተኛ አስተዳዳሪ የግድ የሚሆንበት ተማሪ ቢያማክረኝ፣ አስቸጋሪ የሆነውን ቋንቋውን ለመማር ጊዜ ካለው፣ ይህን እመርጥለታለሁ። እንከን የለበትም ግን አልልም። አሮጌዎቹ ዕትሞች በትእዛዝ ካልተጠረጉ በቀር ስለማይጠፉ ዲስኩ በፍጥነት ይሞላል፤ በሌላ ስርጭት ላይ ሲጫንም የምስል ካርዱን ነጂ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች፣ ነጂው በኒክስ ክልል ውስጥ ስለማይገኝ፣ ልዩ ዘዴ ካልተፈለገላቸው በደንብ አይሠሩም።

ሆምብሩ መጀመሪያ በ2009 ለማክ ኮምፒዩተር የተጻፈ ሲሆን፣ ሊኑክስን በይፋ የተቀበለው በ2019 በወጣው 2.0 ዕትሙ ነው። እርሱም የራሱ ማኅደር አለው፤ ፕሮግራም ባመጣ ቍጥርም የባለሥልጣን ፈቃድ አይጠይቅም። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ከተጫነ በኋላ በሼሉ መነሻ ፋይል ላይ የሚጻፈው መስመር፣ ትእዛዝ ሲፈለግ የሆምብሩ ማኅደር ከሁሉ ቀድሞ እንዲታይ ያደርጋል። አንድ ተራ ፕሮግራም ሲጫን የሚያስፈልጉትን ሁሉ አስከትሎ ስለሚመጣ፣ ተማሪው ያላዘዘው ፓይተን ወይም ከርል ከፊት ተሰልፎ ይገኛል። ኮንዳም ቢሆን ዋና ክልሉ ተርሚናል በተከፈተ ቍጥር በራሱ እንዲነሣ ከተተወ ያው ነው። መዝገባቸው ልዩ ሆኖ ሳለ በሩ የጋራ ሆነ ማለት ነው። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ መስመሩን ከመነሻ ፋይሉ አውጥቶ በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ መጥራት ነው። መምሪያዎቹ ግን መስመሩን ጨምሩ ይላሉ እንጂ ተራው ምን እንደሚለውጥ አይናገሩም።

ፍላትፓክና ስናፕ ሌላ ዐይነት ናቸው። ሁለቱም በ2016 በአሁኑ ስማቸው በሰፊው የታወቁ ሲሆኑ፣ ፕሮግራሙን በታጠረ ክልል ውስጥ እንዲሠራ ያደርጉታል። ፍላትፓክ ፕሮግራሞች በጋራ የሚቆሙበት ራንታይም የተባለ መሠረት ያመጣል። በዚህ አሠራር የሥርዐቱ መዝገብ አይነካም፤ ለመስኮት ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ለሥዕል ማረሚያ ወይም ለጽሑፍ ማዘጋጃ፣ ከሁሉ የሚቀልለው መንገድ እርሱ ይመስለኛል። ስናፕም በቴክኒኩ ከዚህ የሚያንስ አይደለም፤ የምተቸው በኡቡንቱ ውስጥ የገባበትን መንገድ ነው። ከ19.10 ዕትም ጀምሮ ክሮሚየም የተባለውን አሳሽ በኤፒቲ ያዘዘ ሰው፣ ኤፒቲ ጥቅል ያመጣ መስሎ የሚጭንለት ባዶ ጥቅል ነው፤ ባዶው ጥቅልም ስናፕን ጠርቶ ፕሮግራሙን ከዚያ ያስመጣል። በ22.04 ፋየርፎክስም ተከተለ። እንግዲህ መዝገቡ «ክሮሚየም በኔ ዘንድ አለ» ይላል፤ ፕሮግራሙ ግን የሚገኘው፣ የሚታደሰውና የሚጠፋው በሌላ መዝገብ ነው። ተማሪ ያላወቀውን ሁለተኛ አስተዳዳሪ በሱዶ ቢጨምር ባለማወቅ ነው ይባላል፤ ስርጭቱ ራሱ ሲያደርገው ግን ምን ይባላል? ሊኑክስ ሚንት ከኡቡንቱ የሚወለድ ስርጭት ሆኖ ሳለ፣ በጁን 2020 በወጣው 20 ዕትሙ ኤፒቲ ስናፕን በሥውር እንዳያስገባ የሚከለክል ፋይል ጨመረ። የሚፈልግ ሰው ፋይሉን አንሥቶ በገዛ እጁ ሊጭነው ይችላል። ሚንት የከለከለው ስናፕን ሳይሆን ድብቅነቱን ነው፤ ፍርዱም ትክክል ነበር እላለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የማደስ ኀላፊነት ነው። በኤፕሪል 2014 ሃርትብሊድ የተባለው ጉድለት በኦፕንኤስኤስኤል ላይብረሪ በተገለጠ ጊዜ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ላሉት የሥርዐቱ ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ የታረመ ጥቅል መጫንና አገልግሎቶቹን እንደ ገና ማስነሣት ጉድለቱን ዘጋው። ላይብረሪውን እያንዳንዱ በጕያው ይዞት ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ለየብቻው መታደስ ነበረበት። ኤፒቲን አድስ ብሎ ማዘዝ ሆምብሩን፣ ኒክስን፣ ፍላትፓክንም ሆነ በፒፕ የመጣውን አያድስም፤ ሁለተኛ አስተዳዳሪ የጫነ ሰው የሁለተኛ ግምጃ ቤት ዘበኛ ሆኖአል።

በሌላው ወገን የሚነገረውንም መስማት ተገቢ ነው። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው ፕሮግራመር ኤክስዜድ በሚባለው የመጨመቂያ ፕሮግራም በ5.6.0 እና በ5.6.1 ዕትሞቹ ውስጥ ሆን ተብሎ የገባ ሥውር በር አገኘ። የዴቢያን ግምጃ ቤት ስለ ሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ለሚሉት ይህ ብርቱ መልስ ነው፤ የተበከለው ዕትም ወደ ዴቢያን የሙከራ ግምጃ ቤቶች ገብቶ ነበርና። ወደ ጽኑው ዕትም ግን አልደረሰም፤ ያዳነውም ያው ተማሪዎች የሚያማርሩበት ዝግታ ነው። ሆምብሩ አዲሱን ዕትም አሰራጭቶ ስለ ነበር ወደ 5.4.6 መለሰው፤ ምንም እንኳ ሥውሩ በር ያነጣጠረው በዴቢያንና በአርፒኤም ጥቅሎች አሠራር ላይ ስለ ነበር በሆምብሩ በኩል ጉዳት አደረሰ ባይባልም። ፈጥኖ የሚያመጣ አስተዳዳሪ ክፉውንም ፈጥኖ ያመጣል፤ ይህን ዐውቆ የሚመርጠው ሰው አይነቀፍም።

በአገራችን ላለ ተማሪ የሚጨመሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የመስመሩ ዋጋ ነው። በሞባይል ጥቅል እየገዛ ለሚያወርድ ሰው፣ የፍላትፓክ አንድ መሠረት ብቻውን በመቶ የሚቈጠር ሜጋባይት መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ለአንድ ትንሽ ፕሮግራም ይህን ሁሉ ማውረድ ከንቱ ወጪ ነው፤ በአንድ መሠረት ላይ አምስትና ስድስት ፕሮግራም ለሚያቆም ግን ወጪው ይከፋፈላል። ሁለተኛው የፊደላችን ነገር ነው። የአቢሲኒካ ፊደል በዴቢያን ግምጃ ቤት በጥቅል ይገኛል፤ በአማርኛ ለመጻፍም አይባስ ከኤም17ኤን ጋር ሆኖ ያገለግላል። እነዚህ በኤፒቲ ሲመጡ የሥርዐቱ ፕሮግራሞች ሁሉ ይጋሩአቸዋል። በታጠረ ክልል ውስጥ ያለ ፕሮግራም ግን ከውጭ ካለው አይባስ ጋር የሚነጋገርበት ክፍል በራሱ መሠረት ውስጥ መገኘት አለበት። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉን በአማርኛ የሚጽፍ ተማሪ ከፍላትፓክ ወይም ከስናፕ የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲያመጣ፣ በቅድሚያ «ሀ» ብሎ ይሞክር፤ አሮጌውን የሚያጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

መምሪያዎች ሁሉ የሚያጐድሉትን አንድ ክፍል አንሥቼ ላብቃ፤ እርሱም ማውጣት ነው። መጫኛው ትእዛዝ በመጀመሪያው መስመር በትልቁ ይጻፋል፤ ማንሻው ግን ብዙ ጊዜ የለም። ሆምብሩ ለማንሻ የራሱ ስክሪፕት አለው። ፍላትፓክ ራሱ በኤፒቲ የመጣ ከሆነ፣ መጀመሪያ በእርሱ የመጡትን ፕሮግራሞችና መሠረቶች፣ ቀጥሎም ራሱን ማንሣት ይቻላል። በሱዶ ፒፕ ለገባው ነገር አንድ የማንሻ ትእዛዝ የለም፤ አንድ በአንድ መልቀም ነው። ኒክስ ለብዙ ተጠቃሚ ሲጫን ደግሞ ከማኅደሩ ሌላ የጀርባ አገልጋይ ይተክላል፤ በሼሉ መነሻ ፋይሎች ላይ መስመሮች ይጨምራል፤ በተጠቃሚዎች መዝገብም የግንባታ ሥራ የሚሠሩለት እንደ ልማዱ 32 የሐሰት ተጠቃሚዎችን ያስመዘግባል። ማኅደሩን ብቻ አጥፍቶ የሄደ ተማሪ እነዚህን ሁሉ በላቦራቶሪው ኮምፒዩተር ላይ ትቶአቸው ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው የላቦራቶሪ ኀላፊ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር አይቶ፣ እነዚህ 32 ሰዎች የየትኛው ክፍል ተማሪዎች ናቸው ብሎ ሬጅስትራሩን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።